ከጌራርሳ እስከ ቴሌቪዥን፦ ወንድነት፣ ሴትነትና ዱላ በፉሪና በአዲስ አበባ

ጎበዝ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ጨዋ ሴት ምን ስትሆን እንደምትመሰገን፣ ዱላ መቼ ነውር መቼ ደግሞ ተግሣጽ እንደሚባል ሕግ ሳይደነግገው በፊት ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ፣ ቲያትርና ሬዲዮ ሲናገሩት ኖረዋል። በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ ረጅሙ ክፍል የቃል ነው፤ በሞገድ የተላለፈውና በምስል የታየው ሁሉ ተደምሮ መቶ ዓመት አይሞላውም። ሁለቱን ዘመናት በአንድ ሥፍራ ላይ ለማየት ደግሞ የአዲስ አበባን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ፉሪን የሚያህል ጥቂት ነው። ከለቡ፣ ከሐና ማርያምና ከጀሞ ጋር የሚጎራበተው ይህ አካባቢ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከኦሮሞ ገበሬዎች ቀዬነት ወደ ከተማነት ተሸጋግሯል። በመስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኞች መነሻ ጣቢያው የፉሪ–ለቡ ነው። ከሰፈሩ በላይ የሚታየው የፉሪ ተራራ ደግሞ የቴሌቪዥንና የኤፍ ኤም ሬዲዮ ማሰራጫዎች የተተከሉበት ከፍታ ነው። የኦሮሞው የጀግንነት ዜማ ጌራርሳ ሲሰማበት በነበረ ምድር ላይ ዛሬ ተከታታይ ድራማ ይተላለፍበታል።

በድሮው ቀዬ የወንድነት መለኪያው ገዳይነት ነበር። የኦሮሞው ጌራርሳ፣ የአማራው ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ በዜማና በአቀራረብ ቢለያዩም የሚያሞግሱት ሰው ይመሳሰላል፦ አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጠላት የጣለ፣ ደሙን ያልተወ፣ ድንበሩን ያላስደፈረ። ገዳይ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያንጠለጥላል፣ በሠርግና በተዝካር ቀድሞ ይነሣል። ሴቲቱ በዚህ ትዕይንት ውስጥ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። እልል የምትለውም፣ የፈራውን በግጥም የምታዋርደውም እሷ ናት። ዳኛ ሆና ትቆማለች፤ የምትዳኝበትን ሕግ ግን አላወጣችውም። ከተረትና ምሳሌውም ቢሆን ወገኑን ያልለየ ጥቂት ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው እስከ ዛሬ በፈገግታ ይነገራል፤ ሴትን ከአህያ ጋር አቆራኝተው ዱላ የሚያዝዙትም ከአፍ አልጠፉም።

ይሁን እንጂ ባህሉን የጭቆና መዝገብ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ስንፍና ነው። በብዙ የኦሮሞ አካባቢ ሙሽራዪቱ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው የሲንቄ በትር ነበር። ባል በተለይ አራስ ሚስቱን ከመታ የመንደሩ ሴቶች ጩኸቱን ተቀባብለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ቤትና ልጅ ጥለው ይወጣሉ። አጥፊው በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀና ካሣ ካልከፈለ አይመለሱም። ሲንቄ ይዛ የተሰለፈችን ሴት መምታት ቀርቶ መንገድ መዝጋት ነውር ነው። የአቴቴ ዝማሬም ሴቶች በደላቸውን በአደባባይ የሚያሰሙበት መድረክ ነበር። አማርኛ ተናጋሪውም ዘንድ የወፍጮ እንጉርጉሮና የለቅሶ ግጥም ሴቲቱ ባሏንና አማቷን በሰምና ወርቅ የምትከስስባቸው ነበሩ። በኋላ የመጡት ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከቃሉ ባህል በብዛት የወረሱት ፉከራውን ሲሆን ሲንቄውን እምብዛም አላነሡትም። የተቀረጸው ነገር ሁሉ በከተማ መድረክ ላይ ሲወጣ የመረጠው ወንድ ነበርና።

መጽሐፍ ወደ ጉዳዩ የገባው ቀድሞ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም ያሳተሙት «የልብ ሐሳብ፣ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» ያለዕድሜ ጋብቻን የሚተች፣ ባልና ሚስት ተመካክረው የሚኖሩበትን ትዳር የሚያሳይ ልብ ወለድ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንደ ርስት ሲጠብቋት፣ ለማን እንደሚሰጧት ሲያሰሉ የሚታዩበት ይህ ድርሰት አባታዊ ጥቃትን ያለ ስብከት አስረድቷል። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ያደረሰው ግን ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በሬዲዮ የተረከው ይህ መጽሐፍ ፊደል ያልቆጠረች እናት ሳትቀር ለሰብለ እንድታለቅስ አድርጓል። ለባለጉልበቱ ሳይሆን ለተበዳይዋ ማዘን በሬዲዮ መለመድ የጀመረው ምናልባት ያኔ ነው።

መድረኩ ዘግይቶ ነው ለሴት የተከፈተው። በ1927 ዓ.ም በተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ሆነ በትምህርት ቤቶች ቲያትር የሴት ገጸ ባሕርይ ለረጅም ጊዜ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወጣት ወንድ ነበር። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ወደ መድረክ ሲወጡ ተሰጥኦአቸው የተደነቀውን ያህል ስማቸው ጎድፏል፤ አዝማሪነትና ተዋናይነት ለሴት ከመሸታ ቤት ጋር ተቆራኝቶ ይታይ ነበርና። በሬዲዮና በጋዜጣ ቀዳሚ ከሆኑት ሴቶች አንዷ ሮማነወርቅ ካሳሁን «ትዳር በዘዴ» የሚል መጽሐፍ ጽፋለች። ርዕሱ ዘመኑን ይገልጸዋል፦ ለሴት የተፈቀደው መንገድ ዘዴ ነበር፣ መብት ገና አልመጣም። ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም ግድም ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን እሷም ቀድማ ጸሐፌ ተውኔትና ደራሲ ነበረች።

በዚያው ዘመን የወጣው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢልም መውጫ በር ትቶለት ነበር፦ የተጠለፈችው ከጠላፊዋ ጋር በፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክስ አይቀርብም። ሽማግሌ ልኮ፣ ጥሎሽ ሰጥቶ፣ የልጅቱን ቤተሰብ አስታርቆ «በፈቃዷ» ማስባል ደግሞ ለጠላፊ ወገን ከባድ አልነበረም። ዘፈኑም ሕጉን ተከትሎ፣ ወይም ሕጉ ዘፈኑን ተከትሎ፣ ጠልፎ መውሰድን ከፍቅር ብርታት ቆጥሮታል። ለሰሚው ጠላፊው ደፋር አፍቃሪ ነው፤ የልጅቱ ጩኸት በዜማው ውስጥ የለም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሙሉ የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ለእይታ በቃ። የአገሪቱ ሲኒማ ገና ሲወለድ ያነሣው ጥያቄ ስለ አንዲት ሴት ልጅ አባት መሆኑ ሊተኮርበት ይገባል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ደግሞ የደም መመለስን ልማድ ይዞ ተነሣ፤ በወንዶች መካከል የሚወራረስ ግድያን እንደ ጀግንነት ሳይሆን እንደ መከራ አቀረበው። ሁለቱ ፊልሞች ጥሩ ጅምር ነበሩ፤ ተከታይ አጡ እንጂ። በሲኒማ ቤቶቹ የነገሠው የውጭ ፊልም ነበር።

ስለ ጥቃት ለተራው አንባቢ በብዛት ይጽፉ የነበሩት ደራስያን አልነበሩም፤ የፖሊስ ዘገባዎች እንጂ። «ፖሊስና ርምጃው» የተባለው ጋዜጣ የወንጀል ታሪክን ለከተማው ሕዝብ የዘወትር ንባብ አደረገው፤ በኋላ የሬዲዮውና የቴሌቪዥኑ የፖሊስ ፕሮግራም መንገዱን ተከተሉ። የዚህ ዓይነቱ ዘገባ ቅርጽ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አልተለወጠም። ተጠርጣሪው በካሜራ ፊት ይቀርባል፣ ድርጊቱን በዝርዝር ይተርካል፣ ምክንያቱም «በቅናት ተነሣሥቶ» ወይም «በመካከላቸው በተፈጠረ አለመግባባት» ተብሎ ይዘጋል። ሟቿ መልስ አትሰጥም። አድማጩ የገዳዩን ምክንያት ሲያውቅ የሟቿን ኑሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ሳያስበው «ምን አድርጋው ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ከፊልምም ከዘፈንም በላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይህ ዓይነቱ አተራረክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እውነተኛ ወሬ መስሎ ስለሚገባ።

ደርግ ለሴቶች እኩልነት ብዙ ተናግሯል። በ1972 ዓ.ም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ በፖስተሩ ላይ ሴቲቱ መዶሻ ወይም ጠመንጃ ይዛ ታየች። ነገር ግን ከ1969 ዓ.ም የ«እናት አገር ጥሪ» የጦር ክተት ጀምሮ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ የሞሉት በፉከራና በሽለላ ነበር። የድሮው ገዳይ ወታደራዊ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ ቴሌቪዥኑ በቀለም ሲመጣ ሰልፉ ደመቀ እንጂ ቤት ውስጥ ስለሚወድቀው ዱላ የሚናገር አልነበረም። ከባልና ሚስት መካከል አይገባም የሚለው ልማድ አብዮቱንም አልፎታል።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። የ1985 ዓ.ም የፕሬስ አዋጅ የግል ጋዜጣና መጽሔት አበዛ፤ ከእነሱም ውስጥ በሴት ገላ ፎቶ የሚሸጡ፣ የወሲብ ወሬ የሚያትሙ አልጠፉም። በከተማዋ ዳርቻዎች ደግሞ ቪዲዮ ቤት ተስፋፋ። ጥቁር መጋረጃ በተጋረደባት፣ አግዳሚ በተደረደረባት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ልጅ የቻይና ኩንግ ፉና የሆሊውድ ተኩስ ሲያይ ይውላል። ተመልካቹ ከሞላ ጎደል ወንድ ብቻ ነበር። ወላጅ የሚቆጣው ትምህርት አስቀረ ብሎ እንጂ በፊልሙ ላይ የሴት ድርሻ መታፈንና መታደግ ብቻ መሆኑን አይቶ አልነበረም። በኋላ ቦታውን የኳስ ማሳያው ዲኤስቲቪ ቤት ተረከበ፤ እሱም የወንድ ነው። የታክሲ ውስጥ ጥቅስም ሳይረሳ፦ ከሜክሲኮ አደባባይና ከአየር ጤና ወደ ፉሪ አቅጣጫ የሚጭኑ ሚኒባሶች ላይ ተለጥፈው ተሳፋሪ ከሚያስቁት ብዙዎቹ የሴትን ብልጠት፣ ገንዘብ ወዳድነትና ምላስ የሚያነሡ ናቸው። ቀልዱ ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ ይነበባል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ። በመዓዛ አሸናፊ የተመራው ይህ ማኅበር ጉዳዮችን ወደ ፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ወደ ጋዜጣና ሬዲዮም ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሴቶች በጥቃት ላይ አደባባይ ወጥተው ተሰለፉ፤ በዚያው ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን ለሳምንታት አገደው፤ እገዳው ራሱ ዜና ሆኖ ጉዳዩን አሰፋው። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ። በ1996 ዓ.ም ወጥቶ በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለጠላፊ የነበረውን መውጫ ዘጋ፤ በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ድብደባም በስሙ ጠርቶ ወንጀል አለው።

ሕጎቹ በሚወጡበት ዘመን ጉዳዩን ወደ ገጠር ያደረሰው የሬዲዮ ድራማ ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያስተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» ተላልፏል። ዘዴው የመጣው ከሜክሲኮ አገር ነው። ሚጌል ሳቢዶ የተባለው የቴሌቪዥን ባለሙያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው አሠራር ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያትን ይፈልጋል፦ በጎውን፣ ክፉውንና በሁለቱ መካከል የሚወዛወዘውን። አድማጩ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ላይ ነው። ያ ሰው ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል፣ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። ይህ እንዲሆን ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፤ አንድ ማስታወቂያ በሠላሳ ሰከንድ የማይሠራውን ሁለት ዓመት ተኩል ይሠራዋል።

በ«የቀን ቅኝት» ውስጥ ውባለም የምትባለው ገጸ ባሕርይ የጠለፋና የወሲብ ጥቃት ሰለባ ናት። ለአዘጋጆቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰዋል፤ ከእነሱም መካከል በአካባቢያቸው ወላጆች ጠለፋ ፈርተው ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀሩ እንደነበር፣ የውባለምን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ግን መንደሩ ልማዱን እንዳወገዘ የሚናገሩ ነበሩ። የደብዳቤ ምስክርነት ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ ለድራማ አዘጋጅ የሚጽፍ ሰው ድራማውን የወደደ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ የተለወጠው ነገር ግልጽ ነው። በዘፈኑ ድምፅ ያልነበራት ተጠላፊ በድራማው የታሪኩ ባለቤት ሆነች፤ አድማጩም ጠለፋን በእሷ ጆሮና ዓይን ተከታተለው። ከፖሊስ ፕሮግራሙ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የእውነትና የልብ ወለድ አይደለም፤ ማን ይተርከው የሚለው ነው።

ተከታዮቹ ሥራዎች ወደ ልጆችና ወደ ወጣት ሴቶች ዞሩ። በ1999 ዓ.ም ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ያዘጋጀችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ተጀመረ፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሴት ቀጭኔ ናት። የእነሱው ድርጅት በኋላ ልዕለ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ግርዛትን የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ አኒሜሽን ሠራ። በ2005 ዓ.ም በአዲስ አበባና በአማራ ክልል የተጀመረው «የኛ» ድራማን ከሙዚቃ አዋህዶ አምስት ወጣት ሴቶችን በሬዲዮ አቀረበ፤ ከአስቴር አወቀ ጋርም «ጣይቱ»ን ሠሩ። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው ከእንግሊዝ መንግሥት ነው። የለንደን ጋዜጦች «የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለኢትዮጵያ ዘፋኞች» ብለው ዘመቻ ሲከፍቱ በ2009 ዓ.ም ድጋፉ ተቋረጠ። አገር ውስጥ ስለ ሴት ልጅ መብት የሚነገረው ታሪክ በሌላ አገር ጋዜጣ ርዕስ ሊናጋ መቻሉ የእነዚህ ሥራዎች ትልቁ ድክመት ሆኖ ቆይቷል።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ሲኒማውን ወደ ጠለፋ መለሰው። ፊልሙ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአርሲ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ገድላ፣ በሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ጠበቆች ተሟጋችነት ራስን መከላከል ነው ተብላ ነፃ ከወጣች የ14 ዓመት ተማሪ ታሪክ ነው። በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ። ገጸ ባሕርይዋ ሂሩት ተብላለች፤ በአጋጣሚ ከመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ጋር ስም ተጋርታለች፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ጥያቄው «አባቷ ማን ነው?» ከሚለው «ወንጀለኛው ማን ነው?» ወደሚለው ተሻገረ። ነገር ግን በነሐሴ 2006 ዓ.ም መጨረሻ በብሔራዊ ቲያትር ሊመረቅ ተመልካች ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። የታሪኩ ባለቤት አልተጠየቅሁም፣ አልተካስሁም ብላ ነበር። ክርክሩ በስምምነት አለቀ። ጥቃትን ለማጋለጥ የተሠራ ሥራ የተጠቂዋን ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ እንዳለበት ለአገሪቱ የፊልም ሰዎች ያስተማረ ክስ ይኸው ነው።

ከፊልሙ እግድ አንድ ወር በኋላ፣ በመስከረም 2007 ዓ.ም፣ ከፉሪ ብዙ በማይርቀው አየር ጤና አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ታክሲ ውስጥ ታግታ በቡድን ተደፈረች፤ በጥቅምት ሕይወቷ አለፈ። ጉዳዩ መጀመሪያ የተቀጣጠለው በፌስቡክ ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተከትለው ደረሱ። ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1999 ዓ.ም፣ በአዲስ አበባ በአንዲት ወጣት ላይ የተጣለው አሲድም ሕዝቡን እንዲሁ አነሣስቶ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የተወለዱት የሎው ሙቭመንትና ሴታዊት የተባሉት ስብስቦች ቁጣውን ወደ ውይይትና ዘመቻ ለወጡት። ሆኖም አደባባይ የሚያስወጣው ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ ያልታወቀ ሰው በመንገድ ላይ የሚፈጽመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት ግን በቡታጅራ አካባቢ ትዳር ወይም አጋር ካላቸው ሴቶች 71 ከመቶው በባላቸው ወይም በአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ነበር። ዜናው የሚያስፈራው ታክሲውን ነው፤ ቁጥሩ የሚያሳየው ቤቱን ነው።

ቤቱን ያሳዩት ተከታታይ ድራማዎች ናቸው። «ገመና» እና «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፣ ኋላም «ሞጋቾች» በኢቢኤስ የሀብታም ቤተሰብን ምሥጢር፣ ክህደትና በቀል ሲተርኩ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ይመለከት ነበር። በመጋቢት 2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የቱርክና የሌላ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ ገባ፤ «ጥቁር ፍቅር» የብዙ ቤት የማታ ሰዓት ወሰደ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ገበያችንን ነጠቀን ብለው ተቃወሙ፤ ወላጆች ስለ ባህል አወሩ። እምብዛም ያልተወራው ግን በአገር ውስጡም በውጭውም ድራማ የሚደጋገመው ነገር ነው፦ የሚቀናው ወንድ ጥልቅ አፍቃሪ ሆኖ ይቀርባል፣ ክንድ ጨምድዶ መያዝ እንደ ናፍቆት ይታያል፣ በጥፊ የተመታችው በሚቀጥለው ክፍል ይቅር ትላለች። የድሮው ጠላፊ ሱፍ ለብሶ ተመልሷል።

አመለካከቱ ግን በቁጥር ሲታይ አልቆመም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ምግብ ስላሳረረች፣ ስለተከራከረችው፣ ሳትነግረው ስለወጣች፣ ልጆች ስለበደለች ወይም ለግንኙነት እምቢ ስላለች መምታቱ ተገቢ ነው ወይ ተብለው ሴቶች ሲጠየቁ ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት «አዎ» ያሉት እ.ኤ.አ. በ2000 85 ከመቶ ነበሩ። በ2005 81፣ በ2011 68፣ በ2016 63 ሆኑ። ከወንዶች መካከል «አዎ» ያሉት በ2011 45፣ በ2016 28 ከመቶ ናቸው። ይህን ሁሉ ለመገናኛ ብዙኃን ማስመዝገብ አይቻልም። በ2016ቱ ጥናት ከአራት ሴቶች ሦስቱ ገደማ በሳምንት አንዴ እንኳ ጋዜጣ የማያነቡ፣ ሬዲዮ የማይሰሙና ቴሌቪዥን የማያዩ ነበሩ። ትምህርት ቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ሕጉ ድርሻ አላቸው። ወንዱ ከሴቷ ይልቅ «አይገባም» ማለቱም ወንዱ ቀድሞ ተለወጠ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሬዲዮም ትምህርትም ቀድመው የሚደርሱት እሱ ዘንድ ነው፤ ለጠያቂ ምን መመለስ እንደሚያስመሰግን የሚያውቀውም እሱ ነው።

ድራማውም ሕጉም ያልደፈሩት አንድ ነገር ቀርቷል። ግንኙነትን እምቢ ያለች ሚስት ጉዳይ በጥናቱ መጠይቅ ላይ ቢሰፍርም በአማርኛ ፊልምና ድራማ ላይ እንደ ወንጀል ሲቀርብ ማየት ብርቅ ነው። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620ም አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ግንኙነት ብቻ ነው።